«አንቺሆዬ» ስም ነው ወይስ ጥሪ?

የክራር ልጅ፦
ትናንት ታክሲ ውስጥ የተከፈተው ሬዲዮ ስለ ልጆች ስም አወጣጥ ያወራ ነበር። አንዱ እንግዳ፣ ድምፁ እንደ አዋጅ ነጋሪ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁን ደግሞ ልጃቸውን አንቺሆዬ የሚሉ መጥተዋል። እሱ ስም አይደለም፣ ጥሪ ነው።» ጋዜጠኛዋም ከት ብላ ሳቀች። የወንድሜ ልጅ አንቺሆዬ መባል ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። ወንድሜ ክራር ይመታል። ትዝታም ባቲም አምባሰልም የሚባሉ የዜማ ቅኝቶች እያሉለት ለልጁ ስም ይቺን ቅኝት መረጠ። ሰውዬውን የስም ዳኛ ያደረገው ማን ነው?

መምህር ፊደል፦
አትቆጣ እንጂ ሰውዬው ልክ ነው። «አንቺ» ተውላጠ ስም፣ «ሆይ» መጥሪያ፣ «ዬ» ማቆላመጫ። ሦስቱ ቢደመሩ ጥሪ ይወጣቸዋል እንጂ ስም አይወጣቸውም። ነገ ልጅቷ አድጋ ዳኛ ብትሆንስ? «ክብርት አንቺሆዬ» ልንላት ነው? እኛ አንቱ ስንላት ስሟ አንቺ ሊላት?

ወሎዬዋ፦
አንተነህ የሚባል ሰው አጋጥሞህ አያውቅም? አቶ አንተነህን ስንት ዘመን አንቱ ስንል ኖርን፣ ምላሱ የተሳሰረ የለም።

መምህር ፊደል፦
አንተነህ ማሰሪያ አለው፣ «ነህ» ብሎ ይዘጋል። አንቺሆዬ ግን ተጠርታ ትቀራለች። ምን ሊሏት ነው የጠሯት?

እናት ነኝ፦
«ተጠርታ ትቀራለች» አልክ? ልጅ ያለህ አትመስልም። እኔ ልጆቼን በቀን መቶ ጊዜ እጠራለሁ፣ ዘጠናውን ምንም ልላቸው አይደለም።

ሰኞ ገበያ፦
ማሰሪያ ከተፈለገ የቅኝቱ ሙሉ ስም «አንቺ ሆዬ ለኔ» ነው። አባትየው ለኔ ቢባል ኖሮ መዝገቡ ላይ በራሱ ይሞላ ነበር 😂

የክራር ልጅ፦
ሰኞ ገበያ ገደልከኝ። ለወንድሜ እነግረዋለሁ፣ ለሁለተኛው ልጅ ይሁን።

ዝም አልልም፦
አንቺ እና ነሽ ክብር ይነካል ለምትሉ፣ አገሩ በ«ነሽ» የተሞላ አይደለም እንዴ? ድንቅነሽ በ1967 ሐዳር ላይ ከተገኘች ጀምሮ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እናት ናት እንላለን፤ ያን ሁሉ ዕድሜ ይዛ «ድንቅ ነዎት» ይባሉ ያለ አልሰማሁም። ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ወርቅ ስታጠልቅ ስሟን አንቱ ያድርጉላት ብሎ ያመለከተ የለም።

መምህር ፊደል፦
እደግመዋለሁ፣ «ነሽ» ማሰሪያ ነው። የማወራው ስለ ሰዋስው ነው፣ እናንተ ሩጫ ታመጣላችሁ።

ደብተራው፦
መምህር፣ «ሆይ»ን አቅልለህ ባታየው ጥሩ ነበር። ሆይ የሚባለው ለማን ነው? እግዚአብሔር ሆይ፣ ንጉሥ ሆይ። ለአንዲት ሕፃን ይህ ሲሰጣት ውርደቱ ምኑ ላይ ነው?

መምህር ፊደል፦
ጳውሎስም «የማታስተውሉ የገላትያ ሰዎች ሆይ» ብሏል። እሱም ሹመት ነው?

ወሎዬዋ፦
የማታስተውል መምህር ሆይ፣ ይልመድብህ 😂😂

ደብተራው፦
ስቃችሁ ጨርሱ። ግን የክራር ልጅ፣ ወንድምህ ዜማ ከወደደ ለምን ወደ ምንጩ አልሄደም? ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ብሎ ሦስት ዜማ አስረክቦናል። አራራይ ብትባል የምታራራ፣ አንጀት የምትበላ ልጅ ትሆን ነበር። እሱ ከከበደ ደግሞ ማኅሌት አለ።

ማህሌት ቁጥር ሦስት፦
ኧረ በማህሌት በኩል አትምጡብን! እኛ ክፍል ውስጥ አራት ማህሌቶች ነበርን፣ መምህሩ ሲሰለቸው በቁጥር ይጠራን ጀመር። ስሜን ከላይ እዩት። ልጅቷ ብቻዋን አንቺሆዬ ብትባል ቀናሁባት እንጂ አላዘንኩላትም።

ዝም አልልም፦
ደብተራው፣ ማህሌት በግዕዝ ዘፈን ማለት አይደል? ታዲያ በክራሩ ቅኝት ምን አስቆጣህ?

ደብተራው፦
ዘፈን አይባልም! ምስጋና ነው። ማኅሌተ ጽጌን ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ዘፈን ብሎ አይናገርም። ከመስከረም 26 ጀምሮ አንድ ሰንበት ሌሊት ና ቁምና ከዚያ ትነግረኛለህ።

ዝም አልልም፦
ማኅልየ ማኅልይስ? ሥሩ አንድ ነው። «መኃልይ ዘፈን ነው» ብል ሰሎሞን አይከሰኝም።

ደብተራው፦
ሰሎሞን አይከስህም፣ እኔ ግን ከዚህ በኋላ አልመልስልህም።

(ከአንድ ሰዓት በኋላ አራት መልስ ጻፈ። አሳጥሬ ባልፈው ይሻላል፣ ሁሉም ስለ ዘፈንና ስለ ምስጋና ነው። — የክራር ልጅ)

ትዝታ ነኝ፦
የሙዚቃ ስም ይከብዳል ለምትሉ፣ እኔ አለሁ። ትዝታ እባላለሁ፣ ቅኝትም ስምም ነኝ፣ የከለከለኝ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። አባቴ ማንን እያስታወሰ እንዳወጣልኝ እናቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀዋለች።

ሰኞ ገበያ፦
😂😂 መልሱስ?

ትዝታ ነኝ፦
«ቅኝቱን ነው» ይላል። ክራር ግን አይመታም።

እናት ነኝ፦
እንደውም ይሄ ነው ጥያቄው። ትዝታ የሚባሉ በየሰፈሩ ሞልተዋል። አንቺሆዬን ግን በዕድሜዬ ዛሬ ነው የሰማሁት። ለምን? ትዝታ ቃሉ ራሱ ያምራል። ባቲና አምባሰል ደግሞ አገር ናቸው፣ ሰው ልጁን በከተማ ስም መጥራት ይከብደዋል። አንቺሆዬ ቦታም አይደለች፣ ነገርም አይደለች፣ ለዚያ ነው ያልተለመደችው። መምህር ይሄን ብትል እሰማህ ነበር፤ አንተ ግን ከማሰሪያህ አልወጣ አልክ።

ወሎዬዋ፦
ባቲ «ከተማ» ብቻ ናት እንዴ? የቅኝቶቹ አገር ወሎ መሆኑን ሳትናገሩ ይሄን ሁሉ አወራችሁ። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትለው ሰምቶ ስሙ ለልጅ ይከብዳል የሚል ካለ ጆሮውን ይመርመር። አምባሰል የማር አምባ ማለት ነው ይባላል፣ ለሴት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ስም ከየት ይመጣል?

ዝም አልልም፦
መጣች። ሁሉም ነገር የወሎ ነው። ትዝታም የወሎ ነው?

ወሎዬዋ፦
ትዝታን ለናንተ ሰጠናችሁ፣ ውለታ ይሁንላችሁ።

የክራር ልጅ፦
ወንድሜ ለምን እሷን እንደመረጠ ልንገራችሁና ከዚያ ተጨቃጨቁ። አንቺሆዬና አምባሰል ከአምስቱ ድምፅ ሦስቱ አንድ ናቸው። በአንቺሆዬ አራተኛው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ አምስተኛው ግማሽ ከፍ ይላል፣ በቃ ልዩነቱ ይሄው ነው። ግን ያቺ ግማሽ ጣት አታስተኛም። ጀማሪ ሳለ አንቺሆዬ ብሎ ይጀምርና ሳያውቀው አምባሰል ላይ ይገኛል፤ መምህሩ «የት ጥለሃት መጣህ?» ይለው ነበር። ሚስቱ ስታረግዝ «ይቺን አልጥላትም» አለ። ጥሪ ነው አይደለም ብሎ ሰዋስው አልቆጠረም።

መምህር ፊደል፦
ታሪኩ ደስ ይላል፣ ልቤን ነክቷል። ስም ግን አላደረገውም። ደግሞ ቡሄ ሲመጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ «ሆያ ሆዬ» እያለ በሯ ላይ ሲቆም አስቡት።

ማህሌት ቁጥር ሦስት፦
ይቁም፣ ሙልሙል ትስጠው። የኔ ስም የሌሊት ቁመት ነው ተብሎ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለኝ ስንት ተቀልዶብኛል፣ አልሞትኩም።

እናት ነኝ፦
መምህር፣ ያንተ ስም ምንድን ነው ቆይ?

መምህር ፊደል፦
ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።

ወሎዬዋ፦
ኦኦኦ! ንገረን እንጂ።

መምህር ፊደል፦
...አለህልኝ።

ሰኞ ገበያ፦
😂😂😂😂 «ህ»! «ህ» አለበት! አቶ አለህልኝ አንቱ ይባሉ!

መምህር ፊደል፦
ማሰሪያ አለው አልኩ እኮ! «አለህ» ግስ ነው!

ዝም አልልም፦
ደብተራው የት ሄደ? እዚህ ላይ ምስጋና ያስፈልጋል።

የክራር ልጅ፦
እሺ ቀልዱን ተዉትና አንድ ነገር አግዙኝ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ የቀረን 20 የማይሞላ ቀን ነው። ወንድሜ ባለፈው ሄዶ የምዝገባ ሰራተኛዋ «አንቺሆዬ ወይስ አንችሆዬ?» ብላ ጠየቀችው፤ መመለስ አቅቶት ተመለሰ። እናቱ «አንች» ነው የምትለው፣ ሚስቱ «አንቺ»። የትኛው ይጻፍ?

ወሎዬዋ፦
አንች። ምን ጥያቄ አለው?

መምህር ፊደል፦
በጽሑፍ «አንቺ» ነው። መዝገብ ነው እኮ።

ወሎዬዋ፦
አንተ ስም አይደለም ስትል አልነበር? ስም ላልሆነ ነገር ፊደል መምረጥ ምን አስጨነቀህ?

ደብተራው፦
«ቺ» ይሁን። ደግሞ ማኅሌት ዘፈን አይደለም።

ትዝታ ነኝ፦
የክራር ልጅ፣ ወንድምህ ሲዘፍነው እንዴት ይለዋል? «ቺ»ን ይስባታል ወይስ ይውጣታል?

የክራር ልጅ፦
አሁን ደወልኩለት። ስልኩን አስቀምጦ ክራሩን አነሳ፣ ይሄው አስር ደቂቃ ሆነው እየቃኘ ነው።