ፊዮ ከ200 ሺህ በላይ አይኦፒኤስ እያሳየ ፖስትግሬስ ለምን ይንቀረፈፋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰርቨሩ ራሙ 32 ጊጋባይት፣ ዲስኩ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ፣ ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4 ነው። በፊዮ (የዲስክ ፍጥነት መፈተኛ ፕሮግራም) 4 ጊጋ ፋይል ላይ የ4 ኪሎባይት ራንደም ራይት ሲሞከር (ኢንጂን ሊብኤአይኦ፣ አይኦዴፕዝ ማለትም በአንድ ጊዜ ወረፋ የሚይዙ ጥያቄዎች 32) ከ200 ሺህ አይኦፒኤስ (በሰከንድ የሚከናወን ንባብና ጽሕፈት) በላይ ይወጣል። ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ግን በአንድ ኮኔክሽን በሰከንድ 1 ሺህ ኮሚት (ለውጥን በቋሚነት ማጽደቅ) እንኳ አይሞላም። የዳታቤዝን ሥራ የሚመስል ፈተና እንዴት ይዘጋጃል?

ዋል_ጠባቂ፦
ወንድሜ፣ የለካኸው ራሙን ነው። ዳይሬክት=1 (ካሹን ዘለህ በቀጥታ ወደ ዲስክ ጻፍ) ካላልክ ዳታው ፔጅ ካሽ (ሊኑክስ ራም ላይ የሚይዘው ማቆያ) ላይ እንዳረፈ ተጽፏል ይባላል፤ 4 ጊጋ ፋይል ደግሞ 32 ጊጋ ራም ውስጥ ተመችቶት ይቀመጣል። ሊብኤአይኦም ያለ ዳይሬክት ወረፋ አይዝም፤ 32 ያልከው ዋጋ የለውም።

ዳይሬክትን መጨመር ብቻውን ግን ጥያቄህን አይመልስም። ፖስትግሬስ ኮሚት ሲያደርግ ዋል ፋይሉ (ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡበት) ላይ ጥቂት ይጽፍና ኤፍዳታሲንክ (ዳታውን እስከ ዲስኩ አድርስ የሚል ትእዛዝ) ጠርቶ ዲስኩ እስኪመልስ ይጠብቃል። ሊኑክስ ላይ ነባሪው አሠራር ይህ ነው። እሱን ለመለካት፦ ኢንጂን ፒሲንክ፣ አርደብሊው=ራይት፣ ቢኤስ=8ኬ፣ ሳይዝ=1ጂ፣ ነምጆብስ=1፣ ኤፍዳታሲንክ=1፣ ኦቨርራይት=1።

ኦቨርራይትን አደራ እንዳትዘላት። ፋይሉ አስቀድሞ ተሞልቶ ካልተዘጋጀ እያንዳንዱ ሲንክ የኤክስት4ን ጆርናልም (የፋይል ሲስተሙን የለውጥ መዝገብ) ሊያስጽፍ ይችላል። ፖስትግሬስ 16 ሜጋባይት የሆኑትን የዋል ፋይሎች እየመላለሰ ስለሚጠቀምባቸው ያን ወጪ ሁልጊዜ አይከፍልም፤ ያለ እሷ የምታገኘው ቁጥር ከእውነቱ የባሰ ይሆናል።

ውጤቱ ሲወጣ የሲንኩ ጊዜ ለብቻው ተለይቶ ይታያል። አማካዩ 1 ሚሊሰከንድ ከሆነ አንድ ኮኔክሽን በሰከንድ ከ1 ሺህ ኮሚት ማለፍ አይችልም። 99ኛውን ፐርሰንታይልም (ከመቶ ሲንኮች 99ኙ የማያልፉትን ጊዜ) እይ፤ ተጠቃሚው የሚማረርበት መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ብሎክ_8ኬ፦
ትክክል። የዲስኩ ዓይነትም ወሳኝ ነው። መብራት ቢጠፋ ካሹን የሚያድን ካፓሲተር ያለው የሰርቨር ኤስኤስዲ ሲንክን ቶሎ ይመልሳል፤ ካፓሲተር የሌለው የላፕቶፕ ዲስክ ግን በየሲንኩ እስከ ፍላሹ ድረስ መውረድ አለበት። ሁለቱም በካርቶናቸው ላይ ተቀራራቢ አይኦፒኤስ ሊጻፍባቸው ይችላል።

ለዳታ ፋይሎቹ ሌላ ፈተና አዘጋጅ፦ ኢንጂን ሊብኤአይኦ፣ ራንድአርደብሊው (ተበታትኖ ማንበብና መጻፍ)፣ ንባቡ 70 በመቶ፣ ቢኤስ=8ኬ፣ ዳይሬክት=1፣ አይኦዴፕዝ=16፣ ሳይዝ=64ጂ፣ ታይም_ቤዝድ፣ ራንታይም=1800 (ሰከንድ)፣ ራምፕ_ታይም=60 (ከመለካቱ በፊት ማሟሟቂያ)። ለአንድ ደቂቃ ብቻ አስኪደህ አትመን። ብዙዎቹ ርካሽ ኤስኤስዲዎች መጀመሪያ ወደ ኤስኤልሲ ካሽ (ፈጣን ግን ውስን የሆነ የዲስኩ ክፍል) ይጽፋሉ፤ ካሹ ሲሞላ ፍጥነቱ በአንዴ ይወርዳል። ባዶ ዲስክም ያታልላል፣ በመደበኛ ሥራ ላይ በሚኖረው ልክ ሞልተህ ፈትን።

እባክህ ፋይልኔም ላይ የዲስኩን ስም ራሱን እንዳትሰጠው! ፊዮ ፋይል ሲስተሙን ደምስሶ ነው የሚጽፍበት። ማውጫ ስጠው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ዚኤፍኤስ (ሌላ ፋይል ሲስተም) ላይ ቢሆንስ፣ እነዚሁ ቅንብሮች ይሠራሉ?

ዋል_ጠባቂ፦
እንዳሉ አይሠሩም። ከኦፕንዚኤፍኤስ 2.3 በፊት ዳይሬክት ብትልም ኤአርሲ ካሹን (ዚኤፍኤስ ራም ላይ የሚይዘውን) አያልፍም፤ ስለዚህ የኤአርሲን ጣሪያ ዝቅ አድርግ ወይም ፋይሉን ከራሙ እጥፍ በላይ አሳድግ። ሪኮርድሳይዙ (ዚኤፍኤስ ፋይልን የሚከፋፍልበት የብሎክ መጠን) በነባሪው 128 ኪሎባይት ነው፤ 8 ኪሎባይት ስትጽፍ ሪኮርዱ ካሽ ውስጥ ከሌለ መጀመሪያ ሙሉውን ያነባል፣ ከዚያ ሙሉውን መልሶ ይጽፋል። ዳታቤዙ የሚቀመጥበትን ዳታሴት (የዚኤፍኤስ ክፍል) ሪኮርድሳይዝ ወደ 16 ወይም 8 ኪሎባይት አውርደህ የሙከራ ፋይሉን እንደ አዲስ ፍጠር፤ ለውጡ ቀድሞ የተጻፈውን ፋይል አይነካም።