እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ወዲህ ጀበናዋን አልነካችም፤ እንዴት ልርዳት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ61 ዓመት እናቴ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ በማቆማቸው ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለአራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። የወጪውን ነገር ያየ ያውቀዋልና አላነሣውም። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና አፍልታ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ነበረች፤ ፈሳሽ እንድትቀንስ ከታዘዘች ወዲህ ግን «ለማልጠጣው ቡና ምን ያደክመኛል?» ብላ ረከቦቱን ወደ ጓዳ አስገባችው። ከእጥበት በተረፋት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያላችሁ ወይም ያስታመማችሁ፣ በትንሹም ቢሆን ደስ የሚላትን ነገር እንዴት ልመልስላት እንደምችል ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1 (በእጥበት ክፍል የምሠራ ነርስ)፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ቡና ፈጽሞ ተከልክለው እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ «ፈሳሽ ቀንሱ» የተባለውን «ቡና ክልክል ነው» ብለው የተረዱ ብዙ ታካሚዎች አጋጥመውኛል። የሚፈቀደው የፈሳሽ መጠን እንደ ሽንታቸው መጠንና በሁለት እጥበት መካከል እንደሚጨምሩት ክብደት ከሰው ሰው ይለያያል። ቡና ፖታሲየም (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን የሚጎዳ ማዕድን) ስላለው ማብዛት አይገባም፤ አንዲት ሲኒ ግን ከቀኑ ፈሳሽ ላይ ተቀንሳ ብዙውን ጊዜ ትፈቀዳለች። ጠዋት የቀኑን ድርሻ በጠርሙስ ሞልተሽ አስቀምጪ፤ ሻይም ሆነ ሾርባ በጠጡ ቁጥር ያንኑ ያህል ውኃ ከጠርሙሱ አፍስሺ፤ የቀረው በዓይን ስለሚታይ ጭቅጭቅ ይቀራል። ጥማቱን የሚያባብሰው ጨው ስለሆነ ወጡ ላይ ቀንሺ፤ ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ከሆነም ጨውን ይተውት። በጨው ፈንታ የሚሸጡ ምትኮችን ግን አትግዢ፤ ብዙዎቹ ፖታሲየም ስላለባቸው ለእሳቸው አደገኛ ናቸው። ቡናውንም እጥበት በሌለበት ቀን አድርጊው፤ ከማሽኑ የተነሣ ሰው ዕረፍት እንጂ እንግዳ አያምረውም።

መልስ 2 (ለአራት ዓመት ከመንፈቅ የታጠብኩ)፦ የመጀመሪያውን ዓመት የተከለከልኩትን ስቆጥር አሳለፍኩት፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ እስክጠግብ ውኃ። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው በመስኮት ገባና ሳላስበው ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ሽታ በሚሊ ሊትር አይለካም! ከዚያ ወዲህ ያልተከለከልኩትን መፈለግ ያዝኩ፤ የጠዋት ፀሐይ ጀርባዬን እስኪያሞቀው ደጃፍ እቀመጣለሁ፤ በዘይት ቆርቆሮ የተከልኩትን ጤና አዳም በጣቴ አሸት አድርጌ አሸታለሁ። ሕመሙን አላቀለለውም፤ ማክሰኞንና ሐሙስን ግን የእኔ ቀን አደረገልኝ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ በኋላ ወንድሜ ሰጥቶኝ ዛሬ ደህና ነኝ፤ ያንን ተራ እስክደርስ ያቆዩኝ ግን እነዚያ ጠዋቶች ናቸው። ስለዚህ እናትሽ የሚጠጡትን ሳይሆን የሚሠሩትን መልሺላቸው፤ ቡና ማፍላት ከመጠጣቱ በላይ ሰው መቀበል ነውና።

መልስ 3 (እናቴን በዚሁ ሕመም ያስታመምኩ)፦ ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ከአንቺ የባሰም አለ፣ ተመስገን በይ» አትበያት። እኔ ለማጽናናት ብዬ ደጋግሜ እለው ነበር፤ እናቴም ማልቀሷን ከእኔ መደበቅ ጀመረች፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማልቀስ ስትፈልግ አብረሻት ተቀመጪ፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጎረቤቶችንም አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ልጆቹ ያውሩ እንጂ በዚህ በሽታ ስለሞተ ሰው አያንሡ። እንቅልፍና ምግብ ማጣቱ፣ ቀድሞ የምትወደውን ሁሉ መጥላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ግን ይህ በቡና የሚመለስ ላይሆን ይችላል፤ ድባቴ የሚታከም ሕመም ነውና ለሐኪሟ ንገሪው፤ ሞትን የምትመኝ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትጠብቂ።

ከጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለሐኪሟ ስነግረው የስሜቷን ሁኔታ መርምሮ ክትትል ጀምሮላታል፤ በቀን አንዲት ሲኒ ቡናም ፈቅዶላታል። ባለፈው ቅዳሜ ምንም ሳልላት ረከቦቱን አውጥቼ፣ ከሰሉን አቀጣጥዬ መቁላት ጀመርኩ። እጄ ስላልለመደ ፍሬው ገሚሱ ጠቁሮ ገሚሱ ጥሬ ሆነ። ጢሱ መኝታ ቤት ሲደርስ «አሳረርሽው እኮ! አምጪው ወዲህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ የእጥበቱ መርፌ እንዲገባበት ደም ሥሩ በቀዶ ሕክምና የተሠራውን ግራ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ በቀኟ ምጣዱን እያወዛወዘች የተረፈውን ጥሬ አዲስ ቆላችው። ሁለት ጎረቤቶች ጠራን፤ ሲኒ ያደላሁት እኔ ነኝ፣ የቀዳችው ግን እሷ ናት። የተፈቀደላትን አንዲት ሲኒ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለአቦል ጠጣች፤ ግማሹን ለበረካ አስቀረችው።