ለ4 ዓመት ልጅ የሚንቀሳቀስ የልደት ካርድ፦ ሻማው ሲሳብ እንዳይነቀል ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 4 ዓመት ለምትሞላ ልጅ በእጅ የሚሠራ ካርድ አስቤያለሁ። ሲከፈት ኬክ ብድግ እንዲል፣ ሻማው ደግሞ በእጇ ስትስበው እንዲወጣ ነው የምፈልገው። በሙከራው ላይ ግን ካርዱ ሲዘጋ የኬኩ ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሻማውም ወይ ይይዛል ወይ ጨርሶ ይነቀላል። ወረቀቱስ ምን ያህል ይወፍር? መብራት ማስገባትስ ይቻላል?

መቀስና ኮላ፦
እህቴ፣ ሁለቱም የልኬት ችግር ነው። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ የአንዱ ገጽ ጥልቀት 14.8 ሳ.ሜ. ነው። ከእጥፋቱ ተነስተሽ፣ በመካከላቸው 6 ሳ.ሜ. ትተሽ፣ 4 ሳ.ሜ. የሚረዝሙ ሁለት ትይዩ መስመሮች ቁረጪ። ካርዱን ግማሽ ከፍተሽ በመሃል የቀረውን ወደ ውስጥ ስትገፊው ደረጃ ይሆናል። ኬኩ የሚለጠፈው በደረጃው ፊት ላይ ነው። ካርዱ ሲዘጋ ያ ፊት ወደ አንቺ ስለሚተኛ፣ የቁርጡ ርዝመትና የኬኩ ቁመት ተደምረው ከ14.8 ማነስ አለባቸው። ልጅ ደግሞ ሻማውን ሳትመልስ ነው የምትዘጋው፤ ስለዚህ የወጣውን ሻማም ደምሪ።

እኔ ኬኩን ወርዱን 10፣ ቁመቱን 6.5 ሳ.ሜ. አደርገዋለሁ፤ ፊትና ጀርባ ያለው ኪስ ሆኖ ከላይ ክፍት ነው። ሳቢው፣ ማለትም በኪሱ ውስጥ ሆኖ የሚሳበው የሻማው ወረቀት፣ በአጠቃላይ 6.2 ይረዝማል። ሥሩ 6 ሳ.ሜ. ሰፍቶ 2 ሳ.ሜ. ከፍታ ይኑረው፤ ከዚያ በላይ ወደ 4 ይጥበብና ሻማው እዚያ ይሳል። በኪሱ ውስጥ ግራና ቀኝ ከሳቢው ወረቀት የተቆረጠ ጠርዝ ለጥፊ፣ መሃላቸው 6.2 ክፍት ይሁን፤ የታችኛው ጠርዝ ግማሽ ሳ.ሜ. ይበቃዋል። ከላይ 1 ሳ.ሜ. ቁመት ያላቸው ሁለት ትከሻዎች አፉን ወደ 4.2 ያጥብቡት። ሰፊው ሥር ትከሻው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ሻማው 3 ሳ.ሜ. ብቻ ይወጣል፣ አይነቀልም። ጠርዞቹ ከሳቢው በትንሹ መወፈር አለባቸው፤ ከሥራቸው አንድ ተራ የኮምፒውተር ወረቀት ብትደርቢ ይበቃል። የያዘብሽ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ለትንንሽ ጣት ደግሞ ጫፉ ላይ የሪባን ቀለበት አስሪለት።

የሕፃናት መምህር፦
ለሳቢው ከ250 እስከ 300 ግራም፣ ለሚታጠፈው ከ160 እስከ 200 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት። ከማጠፍሽ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ እጥፋቱን ጫን ብለሽ አስምሪ፤ አለዚያ ወፍራም ወረቀት ጠርዙ ይሰነጠቃል። ነጩ ፈሳሽ ኮላ ወረቀቱን ስለሚያረጥበው ያጎብጠዋል። ስቲክ ኮላ ወይም ሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ይሻላል። የተቆረጠውን ወረቀት ከሽፋኑ፣ ማለትም ከውጭ ከሚሆነው ሌላ ወረቀት ጋር ስትለጥፊ ከደረጃው ጀርባ ኮላ እንዳይነካ፤ ከነካ ኬኩ አይነሳም። ሳቢው ላይ የልደት ሻማ ሰም በስሱ ማሸት ደግሞ እንዲንሸራተት ያደርገዋል።

ሽፋኑ ላይ የስሟን ፊደሎች በትንንሽ በሮች ሥር ደብቂላት። የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ፊደል ስለሆነ በሮቹ ለልጅ እጅ የሚመቹ ሰፋፊ ይሆናሉ። ለ4 ፊደል 4 ሳ.ሜ. የሚሰፉ በሮች፣ በመካከላቸውና በሁለቱም ጫፍ 1 ሳ.ሜ. ተትቶ፣ በሽፋኑ 21 ሳ.ሜ. ላይ ልክ ይገባሉ።

ሽቦና መብራት፦
መብራቱን ለዚህ ዕድሜ ተዪው። ሳንቲም የሚመስለው 2032 ባትሪ 20 ሚ.ሜ. ስፋት ስላለው በልጅ ጉሮሮ ይቀረቀራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥም የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ያለቀ የሚመስል ባትሪም ያቃጥላል። የሚዘምሩ ካርዶች ውስጥ ያሉትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ናቸው። ልጅ ባትሪ ውጦ ከተጠረጠረ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

ጀማሪዋ፦
መብራቱ ቀርቷል። የሻማው ነበልባል እንዲያበራ ምን ልጠቀም? ብልጭልጭ ዱቄት?

መቀስና ኮላ፦
ዱቄቱ ይረግፍና ኪሱ ውስጥ ገብቶ ሳቢውን ይይዘዋል። ከቸኮሌት መጠቅለያ ላይ የወርቅ ቀለም ያለውን ወረቀት በጥፍርሽ አለስልሰሽ በስቲክ ኮላ ለጥፊው።