ከምርጫ በኋላ በጎ ፈቃደኛው እንዳይበተን ምን ይደረግ? (ደሴ/ኮምቦልቻ)

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ላይ ለመራጮች ትምህርት 30 ገደማ ወጣቶች ተሰባስበዋል፤ የያዛቸው ማኅበር የምርጫ ቦርድ ፈቃድ አለው። ምዝገባ ሲጀመር ሁሉም ይሯሯጣል። ድምፅ በተሰጠ ማግስት ግን የቴሌግራም ግሩፑ ጭር ይላል፣ ስልክ የሚያነሳም አይገኝ። ከምርጫው በፊት ሳይሰላቹ እንዴት ይቆዩ? ከዚያ በኋላስ ምን ሥራ ይያዙ? አበል የለም፤ ያለው የሻይና የሞባይል ካርድ ብቻ ነው።

ቦርከና፦
አብሽር። ልጆቹን የሚበትናቸው ስንፍና ሳይሆን ወቅቱ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ሰኔ ላይ ከሆነ (የ2013ቱ ሰኔ 14 ነበር) ወዲያው ክረምቱ ይጠናል፣ ተማሪው ወደየቤተሰቡ ይገባል። «ከምርጫው በኋላ ተሰብስበን እንመክራለን» የተባለ ነገር እዚያው ውኃ ይበላዋል። ድምፅ መስጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀጣዩ ሥራ ቀንም ቦታም ኃላፊም ሊኖረው ይገባል።

አንድ ወረቀት አዘጋጁ፤ ስም፣ ሰፈር፣ በሳምንት የሚሰጠው ሰዓት፣ ክረምቱን ደሴ ይከርማል ወይስ ይሄዳል። ዋናው የመጨረሻው ነው። የሚከርሙት አሥር ከሆኑ ሥራውን በአሥር ሰው ልክ ስፉት። የሚሄዱትንም «ጠፉ» አትበሏቸው፤ መስከረም ላይ የሚመለሱበትን ቀን ጻፉላቸው።

ከምርጫው በፊት ደግሞ ሰው የሚሰላቸው ስብሰባ ሲበዛበት ነው። በወር አንድ ይበቃል። የቀረው የቤት ለቤት ሥራ ይሁን፤ ወንድና ሴት ተጣምረው፣ በገዛ ሰፈራቸው፣ ከሁለት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። ሁለት ሰው በዚያ ጊዜ 15 ቤት በደንብ ያነጋግራል። 40 ቤት ብላችሁ ከላካችኋቸው ፎርሙ ተሞልቶ ይመጣል፣ ሰዉ ግን አልተነጋገረም። ሙጋድና ሆጤ ዳገቱን አትርሱ፤ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ቤት ሰው አይገኝም፤ ዓርብ ከጁምዓ በፊት፣ እሁድ ጠዋትም አይሆንም። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል።

የመናፈሻ ልጅ፦
ቦርከና ያለው ልክ ነው፣ ግን የሚያፈርሰው ሌላም ነገር አለ። ቤት ሲያንኳኩ «ማን ይሻላል?» መባሉ አይቀርም። መልሱ ቀድሞ ይጠና፤ «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኛ የመጣነው ምዝገባውን ልንነግራችሁ ነው»። ከዚያ ወደ ዕድሜው (18 ዓመት)፣ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር ወደ መኖርና ወደ ጣቢያው አድራሻ ማለፍ ነው። አንዱ ልጅ የፓርቲ ቲሸርት ለብሶ ከታየ ያ ሰፈር ለሌሎቹም ይዘጋል። ፓርቲ የገባ ሰው መብቱ ነው፣ ግን ከትምህርቱ ቡድን በይፋ ይውጣ።

ደግሞ ድምፅ መስጫው አራት ቀን ሲቀረው የምረጡኝ ቅስቀሳ በሕግ ይቆማል። ሰው አስተማሪውን ከቀስቃሽ ስለማይለይ የቤት ለቤቱን ሥራ ከዚያ በፊት ጨርሱ።

ስለ አበል፦ ባይኖር ይሻላል። ለአንድ ሥልጠና ከፍላችሁ ለሁለተኛው ካልከፈላችሁ የሚመጣ የለም። ካርዱን ለሚደውል ሰው ብቻ ስጡ፣ ሻዩን ለሁሉም።

ኮምቦልቻ ፓርክ፦
እኛ ጋ ደሴ የሚሠራው አይሠራም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ በሺፍት ነው፤ ከፈረቃ ሲወጣ ሰርቪስ ወይ ባጃጅ ነው የሚያየው፣ በር ላይ ወረቀት ብትዘረጋለት ቆሞ አይሰማህም። በኪራይ ግቢው፣ በዕረፍት ቀኑ አግኙት። ብዙው ከሌላ ቦታ የመጣ ስለሆነ መጀመሪያ የሚነሳው የስድስት ወሩ ጉዳይ ነው፤ መታወቂያው የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። በጎ ፈቃደኛውንም ከዚያው ግቢ አውጡ፣ ከተማሪ ይልቅ ክረምቱን ይከርማል።

ጦሳ ሥር፦
ተባረኩ። ክረምቱን ለሚከርሙት አሥሩ ምን ይሰጥ?

ቦርከና፦
ጠባብ ሥራ። ደሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የሚታወቅ ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ በሰፈሩ የተደፈነውን ቦይ ያለበትን ቦታ ይመዝግብ፣ ፎቶና ቀን ይያዝ። ከዚያ ወደ ቅሬው (ወደ ሰፈሩ ዕድር) ይሂድ። የቅሬ ስብሰባ ክረምት በጋ አይልም፣ ሰዉም አይቀርም፤ ከኃላፊዎቹ አሥር ደቂቃ ለምኑ፣ የተመረጡት ለሰፈሩ ቃል የገቡትን ከዝርዝሩ ጋር አንብቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የዘንድሮው አልፏል። ጥያቄው በቅሬው ስም ተጽፎ ጥር አካባቢ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ፣ ቀበሌና ከተማ አስተዳደር ይግባ። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቱ እንዳትወጡ።