ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቧንቧ በየት ላሳልፈው?

ላንድክሩዘር 75 አለኝ። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለውን 1ኤችዜድ ሞተር አውጥቼ ባለቱርቦውን 1ኤችዲ-ቲ ገጥሜለታለሁ። የቸገረኝ ከአየር ማጣሪያው እስከ ቱርቦው አፍ ያለው መስመር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ለስላሳ የጎማ ቱቦ አደረግሁለት። ዳገት ላይ ጭኖ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳውና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኮፈኑን ከፍተን ነዳጅ ሲሰጠው ቱቦው እጥፋቱ ላይ ወደ ውስጥ ሲጨማደድ በዓይኔ አየሁ።

ስለዚህ በ76 ሚሊሜትር የብረት ቧንቧ ቀየርኩት፤ በሁለቱም ጫፍ አጭር የሲሊኮን መጋጠሚያ አለው። ጭሱ ቀርቷል። ሆኖም ቧንቧው ከቱርቦው ትኩስ ጎን (የሞተሩ ጭስ ከሚያልፍበት) ጣት በማያስገባ ርቀት ያልፋል። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ በሚወዛወዝበት ጊዜ ደግሞ ከባትሪው ማስቀመጫ ጋር ይፋተጋል፤ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ መታየት ጀምሯል። መኪናው የሚሠራው ጠጠርና አቧራ መንገድ ላይ ነው። ቧንቧው ከተበሳ ያልተጣራ አቧራ በቀጥታ ቱርቦው ውስጥ ይገባል፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

ይህን ቅየራ የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ ባትሪውን ወደ ሌላው ጎን አዛውሬ መስመሩን ከሙቀቱ ላርቀው ወይስ እዚያው ትቼ ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮና ረዘም ያለ የሲሊኮን መጋጠሚያ ላድርግለት?