ለድሮ ካሴቶች ብዬ አዲስ ሳውንድ ካርድ ልግዛ?

የካርቶኑ ወራሽ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ፣ ቆጠርኩት፣ 34 ነው። ግማሹ ዘፈን ስለሆነ አያሳስበኝም፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። የሚያሳስበኝ አክስቴ ቤሩት እያለች በወረቀት ፈንታ ድምጿን እየቀዳች የምትልክልን ነው። አያቴ መልስ ስትቀዳላት ሳይላክ የቀረም አንድ አለ፤ ከኋላዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። አያቴ ካረፈች ቆየች፣ ድምጿ ያለው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነው።

የቴፑን የሄድፎን ቀዳዳ ከላፕቶፔ የማይክ ቀዳዳ ጋር በገመድ አገናኝቼ ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ቀዳሁ። የወጣው ነገር ያሳዝናል። ከስር የማያቋርጥ ጥዝዝታ አለ፣ ጮክ ብለው ሲያወሩ ደግሞ ድምፁ ይሰነጠቃል። ላፕቶፑ 7 ዓመቱ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ «የውስጡ ሳውንድ ካርድ (ድምፅ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ክፍል) አርጅቷል፣ 24 ቢት በ192 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ የውጭ ካርድ ግዛ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ላፕቶፑን የገዛሁበትን ግማሽ ነው። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሽቦ በጥሱ፦
ቆይ ወንድሜ፣ ብሩ ኪስህ ውስጥ ይቀመጥ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀልና በባትሪ አንድ ደቂቃ ቅዳ። ቴፑንም ከተቻለ በድንጋይ አስነሳው። ጥዝዝታው ከጠፋ ካርዱ ምንም አላጠፋም ማለት ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የለውም፣ ቢኖረውም ማከፋፈያው ባለ ሁለት እግር ይሆንና ከቻርጀሩ የምታፈስ ትንሽ ኤሌክትሪክ መሄጃ ስታጣ በድምፅ ገመዱ በኩል ትዞራለች። ላፕቶፕህ ብረት ከሆነ ቻርጅ ላይ እያለ በክንድህ ስትነካው ውርር የሚልህ እሷው ናት።

ቀጂዋ፦
ስለ ጥዝዝታው ልክ ነው። መሰንጠቁ ግን ከመብራት አይደለም። የማይክ ቀዳዳ የሚጠብቀው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ የቴፕህ ሄድፎን መውጫ ደግሞ ብዙ እጥፍ ይልክበታል፣ ላፕቶፑ በዚያ ላይ ራሱ ያጎላዋል። በጀሪካን የመጣ ውሃ ስኒ ላይ እንደመገልበጥ ነው። እኔ በዚህ ስህተት 11 ካሴት ቀድቼ ሁሉንም እንደገና ሠርቻለሁ፣ አትሳቅብኝ።

ስለዚህ ካርድ ግዛ፣ ልጁ ያለህን ግን አይደለም። ላይን ኢን (እንደ ቴፕ ካለ ዕቃ ለሚመጣ ጠንከር ያለ ድምፅ የተሠራ መግቢያ) ያለው ትንሽ የዩኤስቢ ካርድ ይበቃሃል። ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለውን፣ መግቢያ መሆኑንም አይተህ። እነዚያ ፍላሽ የሚያክሉት ርካሾቹ አብዛኞቹ መግቢያቸው ለማይክ ብቻ ነው፣ እዚያው ችግር ላይ ትመለሳለህ።

192ቱ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ነው፣ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ። 192ቱን እርሳው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው የሚሰማው፣ እሱን 44.1 ኪሎኸርዝ በደንብ ይይዘዋል። የሰው ወሬ የተቀዳበት ካሴት ደግሞ እዚያም አይደርስ። በ16 ቢት 44.1 ብትቀዳ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 600 ሜጋባይት ምናምን ነው፣ ሁሉም ባለ 60 ደቂቃ ቢሆኑ እንኳ 34ቱ አንድ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ያልቃሉ።

ጥጥና አልኮል፦
24 ቢቱን ግን አታጣጥዪበት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመቅዳት ቦታ ይሰጣል፣ አክስትየው ድንገት እልል ብትልም አይሰነጠቅም። ካርዱ ካለው ይጠቀምበት፣ ለሱ ብሎ ብቻ ግን ብር አይጨምር።

ደግሞ ሁላችሁም ስለ ኮምፒውተሩ ታወራላችሁ፣ ቴፑን ማን አየው? ሄዱን (የካሴቱን ክር የሚያነበውን ብረት) በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረገው፣ ሳይደርቅ ካሴት አታስገባ። ካሴቶቹ በሌላ ቴፕ ስለተቀዱ የሄዱ አቀማመጥ ላይገጥም ይችላል፣ ያኔ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በዝግታ እያዞርክ «ስ» እና «ሽ» ጥርት እስኪሉ አዳምጥ። መጀመሪያ የማታዝንለት ዘፈን ላይ ተለማመድ።

የካርቶኑ ወራሽ፦
አመሰግናለሁ፣ ሞከርኩት። ቻርጀሩን ስነቅል ጥዝዝታው ድርግም አለ! ጥጡ ደግሞ የቡና አተላ መስሎ ወጣ። የቴፑን ድምፅ ሩብ ላይ ሳደርገው መሰንጠቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ ስለዚህ ትንሿን ባለ ላይን ኢን እገዛለሁ። የአያቴን ካሴት ካርዷ እስክትመጣ አልነካውም። ግን ዛሬ ስሞክር ቴፑ አንዱን ካሴት በላው፣ ክሩ ተበጠሰ። በፕላስተር ልቀጥለው?

ጥጥና አልኮል፦
ኧረ በተራ ፕላስተር እንዳትነካው፣ ሙጫው እየወጣ ሄዱን ያበላሸዋል። ለካሴት ክር መቀጠያ የሚሆን ለብቻው አለ። ሁለቱን ጫፍ ሰያፍ ቁረጥና ሄዱን በማይነካው ጎን ለጥፍ። ከዚያ በእስኪርብቶ እያዞርክ ቀስ ብለህ ጠቅልለው። የማን ካሴት ነው የበላው?

የካርቶኑ ወራሽ፦
የዘፈን ነው፣ ተመስገን።