ድሬዳዋ ያላችሁ፣ የቬስፓ ግማሽ ጨረቃ ጠፋብኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የአጎቴን አሮጌ ቬስፓ ሞተር መልሼ እየገጠምኩ ነው። ፒስተኑ ገብቷል፣ ፋሻዎቹ አዲስ ናቸው፣ ጓርኒሲዮኑም ተቀይሯል። ቮላኖው (የካንዴላው እሳት ሰዓት የሚያያዝበት፣ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። ሞተሩ ተፈታትቶ የመጣልኝ በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ብሎኑም ዳዶውም አለ። የሌለችው ቮላኖውንና ክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) የምታገናኘው፣ ከጥፍር የማትበልጥ ግማሽ ጨረቃ ብረት ናት። መቀመጫዋ ቦይ ባዶውን አፍጦ ያየኛል። ደግነቱ ጠርዙ አልተበላም።

እዚህ ከዚራ አንድ መካኒክ «ዳዶውን ጥብቅ አድርገህ እሰረው፣ ያለሷም ይሠራል» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ካንዴላው እሳት መስጠት ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ቮላኖው ክራንክ ሻፍቱ ላይ በትንሹ እንኳ ከቦታው ከተንሸራተተ የእሳቱ ሰዓት ይዛባል። ከዚያ ወይ አይነሳም፣ ወይ እየመታ ይግላል። በድሬ ሙቀት ላይ ይሄ ተጨምሮ!

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ድሬም ሆነ ሐረር ከተበተነ ቬስፓ ላይ ይህችን ዕቃ ያስቀረ ሰው አለ? ከሌለስ ቶርኖ ቤት ባስቀርጻት ከምን ዓይነት ብረት ይሁን? በጣም ጠንካራ ከሆነች ቦዩን እንዳትበላብኝ እፈራለሁ፤ እሷ ብትቆረጥ ይሻለኛል፣ ክራንክ ሻፍት ከየት አመጣለሁ? አጎቴ ደግሞ «አልተነሳችም?» እያለ ስልኬን አቃጥሎታል።

የቦዩን ልክ በካሊፐር ወስጃለሁ፤ ለሚያግዘኝ ከነፎቶው እልካለሁ።